የድሬ ውሃ ይፍረድ፦ ለቤት አኳሪየም መስታወት ወይስ አክሪሊክ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተራ እየጠበቅን ነበር። ልጄ እጄን ለቀቀና ወደ ጥጉ ሮጠ። እዚያ ትልቅ አኳሪየም አለ። ግንባሩን ለጥፎ ለማየት ሞከረ። ከዚያ ዞር ብሎ "እማዬ፣ ዓሣዎቹ የት ሄዱ?" አለኝ።

ቀረብ ብዬ አየሁ። ዓሣዎቹ አሉ። ቀያይ ነገር ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል። ግን ምንም ነገር ጥርት ብሎ አይታይም። ውሃው ደፍርሶ ይሆናል ብዬ ከላይ አጎንብሼ አየሁት፤ ንጹህ ነው። የደፈረሰው ግድግዳው ነው። ከአክሪሊክ፣ እንደ መስታወት ከሚያሳይ ፕላስቲክ ነው የተሠራው። ከላይኛው ጫፍ ወደ ታች ነጭ ኖራ ይዞታል። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ክብ ክብ እየሠሩ በሚሄዱ ጥቃቅን ጭረቶች ተሸፍኗል።

ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። "ሲመጣ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ሰው ተራው ደርሶ ሲጠራ እንኳን ከሥሩ አይነሳም ነበር" አለችኝ። "አሁን ምግብ የሚሰጣቸው ማነው?" አልኳት። ትንሽ አሰበች። "ያየ ሰው" አለች።

ይቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ሥራ በዝቶባታል። ግን ማንም በማያይበት ነገር ውስጥ "ያየ ሰው" የሚባለው ማን ሊሆን ነው? እነዚያ ዓሣዎች ከሰው ጋር የሚያገናኛቸው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። እሱ ሲደፈርስ ሰው ማየት ተወ። ማየት ሲተው ደግሞ መንከባከቡም አብሮ ሄደ። የታመመ ዓሣ ክንፉን ሲያጥፍ፣ ነጭ ነጥብ ሲያወጣ፣ ከላይ ሆኖ አየር ሲፈልግ በጊዜ የሚታወቀው በዓይን ነው። ሌላ ምልክት የለውም፤ ዓሣ አይጮህም።

ነገሩ የከነከነኝ በአጋጣሚ አልነበረም። እኛም ቤት አኳሪየም ልናስገባ እየተዘጋጀን ነበር። ባለቤቴ አክሪሊክ ይሁን ብሎ ጨርሷል።

## የአክሪሊክ ወገን

ባለቤቴ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የራሷን አክሪሊክ አኳሪየም ፎቶ ልካልን ነበር። ማዕዘኑ ላይ ሲሊኮን የለም፤ ፊቱና ጎኑ አንድ ወጥ ሆኖ ይታጠፋል። እንዲህ ዓይነት እኛም ልላክላችሁ አለች። ልጃችን አራት ዓመቱ ነው። ኳስ ሳሎን ውስጥ ይመታል። አክሪሊክ ምትን የመቋቋም አቅሙ ከተራ መስታወት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቢሰበር እንኳን እንደ መስታወት ስለታም ስባሪ አይበትንም።

ክብደቱም ሌላ ነገር ነው። እኛ ያሰብነው 90 ሴንቲ ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ስፋትና 40 ሴንቲ ቁመት ያለው ነው። በባለ 8 ሚሊ መስታወት ሲሠራ ባዶውን 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በባለ 10 ሚሊ አክሪሊክ ደግሞ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፎ በመኪና ለሚመጣ ዕቃ ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጥራትስ? አክሪሊክ አዲስ ሲሆን ከተራ መስታወት የበለጠ ጥርት ይላል። ከሚያርፍበት ብርሃን 92 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። ተራ መስታወት ውስጡ ትንሽ ብረት ስላለበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። የመስኮታችሁን መስታወት ከጠርዙ በኩል ብታዩት ይገባችኋል። ውፍረቱ ሲጨምር አረንጓዴነቱም ይጨምራል። በዓለም ላይ ያሉ ግዙፍ አኳሪየሞች አክሪሊክ የሚጠቀሙት ለዚህ ጭምር ነው። ጃፓን ኦኪናዋ ያለው ቹራኡሚ አኳሪየም ትልቁ መስኮቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ብዙ አክሪሊክ ተደራርቦ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ዓሣ ነባሪ የሚያክል ሻርክ በጥራት ያሳያል። በመስታወት እንዲህ ማድረግ አይታሰብም።

ታሪኩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርመን ውስጥ የኦቶ ሮም ድርጅት "ፕሌክሲግላስ" ብሎ ለገበያ ያወጣው ይሄው ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን አብራሪዎች መስኮት ሆኗል። ስለዚህ አክሪሊክ ማለት ርካሽ ፕላስቲክ ማለት ነው ብሎ የሚያጣጥለው ሰው ልክ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ሳውቅ ግን የክሊኒኩ ግድግዳ እየመጣ ዓይኔ ላይ ይደቀናል። አንድ ነገር ተበላሽቶ አየሁ፤ ለምን እንደተበላሸ ግን አልገባኝም ነበር።

## መጋላ የተነገረኝ ነገር

የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ወረድኩ። እዚያ ለዓመታት መስታወት ሲቆርጡ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። የቤታችንን መስኮት የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ከአንድ ማስታወቂያ ቤት የለመንኩትን የአክሪሊክ ቁራጭ ይዣለሁ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ "ጋሼ፣ ከዚህና ከመስታወት ለዓሣ የቱ ይሻላል?" አልኳቸው።

መስታወት ሻጭ ናቸውና መስታወት ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቁራጩን አገላበጡት። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። "መጥፎ ነገር አይደለም አቦ። ማስታወቂያ ቤቶቹ ይወዱታል" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ግን ውሃ ልትሞዪበት ነው። እኔን ከምትጠይቂ ውሃሽን ለምን አትጠይቂውም? ማንቆርቆሪያሽን ከውስጥ አይተሽው አታውቂም እንዴ?"

የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያውን ያውቃል። አዲስ ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ በነጭ ይለሰናል። አዛውንቱ አንድ የመስታወት ቁራጭ ቆርጠው ሰጡኝ። "ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አድርጊያቸውና የቧንቧ ውሃ እየረጨሽ አድርቂያቸው። ከዚያ አጽጂያቸው። መልሱን እዚያ ታገኚዋለሽ።"

እንዳሉኝ አደረግኩ። በረንዳ ላይ ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። በጣቴ ውሃ እረጫለሁ፤ የድሬ ፀሐይ ወዲያው ያደርቀዋል። ደግሜ እረጫለሁ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ላይ ነጭ ክብ ክብ ቀለበት ታየ። እስካሁን ልዩነት የለም። ኖራው ሁለቱንም እኩል ይዟቸዋል።

መጀመሪያ ምላጭ አነሳሁ። መስታወቱ ላይ ጋደም አድርጌ ስገፋው ኖራው ተፈርፍሮ ተነሳ። ከሥሩ ምንም የለም። መስታወቱ እንደተቆረጠበት ሰዓት ነው። አክሪሊኩ ላይ ስሞክር ኖራው ተነሳ፤ ግን ምላጩ የሄደበት ቦታ ሁሉ ቀጭን መስመር ቀረ። ብርሃን ላይ ሳዞረው ያብረቀርቃል።

ቀጥዬ አቼቶ አመጣሁ። በጨርቅ ነክሬ ሁለቱም ላይ ትንሽ አቆየሁት። ኖራውን አቼቶ ይፈታዋል፤ ሁለቱም ላይ እኩል ሠራ። ደስ አለኝ። "በቃ፣ አክሪሊክም ይጸዳል ማለት ነው" አልኩ። ለባለቤቴ ልነግረው ነበር። አክሪሊኩን ለማድረቅ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አንስቼ እንደማንኛውም ዕቃ ክብ ክብ እያደረግኩ ወለወልኩት። ከዚያ ወደ ፀሐይ አነሳሁት።

እነዚያው ክብ ጭረቶች ነበሩ። ክሊኒኩ ውስጥ ያየኋቸው ራሳቸው፤ አነስ ብለው እጄ ላይ።

ዝም ብዬ ቆምኩ። ለካ ያንን አኳሪየም ያጨለመው ቸልተኛ ሰው አይደለም። የሚጠነቀቅ ሰው ነው። በየጠዋቱ ጨርቅ ይዞ የሚወለውል፣ ዓሣዎቹ እንዲታዩ የሚፈልግ ሰው። የድሬ አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። አሸዋ ከአክሪሊክ እጅግ ይጠነክራል። አቧራው በጨርቁና በአክሪሊኩ መሀል ሲገባ እያንዳንዱ ውልወላ ጭረት ይሆናል። ምናልባት አልኮልም ነበረበት። ክሊኒክ ውስጥ ሁሉም ነገር በአልኮል ይጠረጋል። አልኮል ደግሞ የአክሪሊክ ጠላት ነው። አሞንያ ያለበት የመስኮት ማጽጃም እንዲሁ። ከጊዜ በኋላ ላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣሉ።

እንክብካቤው ራሱ የሚጎዳው ዕቃ አሳዘነኝ። ባየው ቁጥር የምወለውለው ከሆነ፣ በወለወልኩት ቁጥር ደግሞ የማየው የሚቀንስ ከሆነ፣ መጨረሻው ያው "ያየ ሰው" ነው።

እውነቱን ለመናገር መስታወትም ከአሸዋ አያመልጥም። አሸዋ መስታወትንም ይጭራል። እንደውም መስታወት ላይ የገባ ጥልቅ ጭረት አይወጣም። አክሪሊክ ግን እየደቀቀ በሚሄድ የአሸዋ ወረቀት ተፈትጎ፣ ተወልውሎ ወደ ጥራቱ ሊመለስ ይችላል። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ጥያቄው ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ቤታችን ውስጥ የማጸዳው እኔ ብቻ አይደለሁም። ባለቤቴ አለ። የምታግዘን ልጅ አለች፤ ነጭ ኖራ ካየች የድስት ሽቦ ነው የምታነሳው፤ ደግሞም ትክክል ናት፣ ማጽዳት ነው የፈለገችው። እያንዳንዱ ሰው ልዩ ጨርቅ፣ ልዩ እጅ እንዲኖረው የሚጠይቅ ዕቃ ለእኛ ቤት አይሆንም።

## ሙቀቱ ያመጣው ኖራ

ማታ ለባለቤቴ ሳስረዳው "እሺ፣ ኖራው እንዳይወጣ ብናደርግስ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱን ስከታተል ነገሩ ከጠበቅኩት በላይ የተሳሰረ ሆኖ አገኘሁት።

የአገራችን የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የኖራ ድንጋዩ እዚሁ ነው። ውሃችንም እንደ ሳቢያን ካሉ የጉድጓድ ሥፍራዎች ከምድር ሲወጣ ከዚያው ድንጋይ ያሟሟውን ይዞ ይመጣል። ውሃው ይተናል፤ ድንጋዩ ይቀራል።

ታዲያ አኳሪየሙን ብንከድነው አይተንም አይደል? እዚህ ላይ ሙቀቱ ይመጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ትደርሳለች። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከዚያም ያንሳል። መብራት ሄዶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ዓሣዎቹ ያላቸው የላይኛው የውሃ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ክፍት መሆን አለበት። ትነቱ ራሱ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ትንሽ ማራገቢያ ሲታከልበት በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል።

አያችሁ? ዓሣውን ከሙቀት የሚያድነው ትነት ነው። ኖራውን የሚያመጣውም ያው ትነት ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ አይቻልም። ድሬ ውስጥ ዓሣ የሚያኖር ሰው ከኖራ ጋር ይኖራል። ኖራን በምላጭ ማንሳት የሚፈቅደው ደግሞ መስታወት ነው።

አክሪሊክ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከመስታወት አምስት እጅ ያህል ያነሰ ነው። ይሄን እንደ ጥቅም የሚያነሱ አሉ። ውሃ በማሞቂያ በሚሞቅበት ብርዳም አገር እውነት ነው፤ መብራት ይቆጥባል። እዚህ ግን ማታ ነፋስ ሲመጣ ውሃው የቀኑን ሙቀት ቶሎ እንዲተፋ ነው የምፈልገው። በዚያ ላይ አክሪሊክ ስለሚለጠጥ የላይኛው ጠርዝ በሰፊ ማሰሪያ ይያዛል፤ ክፍት ቦታው ይጠባል። መስታወት ላይ ዳርና ዳሩን ቀጫጭን ማጠናከሪያ ማጣበቅ ይበቃል።

ኖራው ግን ከመጠንከሩ በፊት መጥረግ ነው። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው የድሬ ውሃ የጠጣ ይመስለኛል።

## የመሰበር ፍርሃት

ባለቤቴ በኖራው ተስማማ። የልጁ ጉዳይ ግን ቀረ። እኔም ብሆን ይሄን አቅልዬ አላየውም። ኳስና መስታወት ናቸው።

ስለዚህ ስለ መሰበር አብረን ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ ያገኘነው የበርሊኑን ነው። አኳዶም የሚባለው፣ ሆቴል ውስጥ እንደ ግንብ የቆመ ክብ የአክሪሊክ አኳሪየም ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2022 ማለዳ ላይ በአንዴ ፈነዳ። 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከ1,500 ያህል ዓሦች አብዛኞቹ አለቁ። ማለዳ ባይሆን ኖሮ የሰው ሕይወትም ሊጠፋ ይችል ነበር። ይሄን ከእኛ ሳሎን ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ግን "አክሪሊክ አይሰበርም" የሚለው እርግጠኝነት ለባለቤቴ እዚያ ላይ አበቃ።

ቀጥሎ የገባን ነገር ቁመት ነው። ውሃ ግድግዳውን የሚገፋው በጥልቀቱ ነው። ርዝመቱ ግፊቱን አይጨምረውም። የኛ 40 ሴንቲ ቁመት ሲሞላ የፊቱን መስታወት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ72 ኪሎ ክብደት ጋር እኩል ነው። ቁመቱን 60 ሴንቲ ብናደርገው 162 ኪሎ ይደርሳል። ቁመት በግማሽ ሲጨምር የሚገፋው ኃይል ከእጥፍ ይበልጣል። ረዥም ሆኖ ዝቅ ያለ አኳሪየም ለመስታወቱም ለዓሣውም ይሻላል፤ ከላይ ሰፊ የውሃ ፊት ይኖረዋል።

ብዙ የቤት አኳሪየም ደግሞ የሚሰነጠቀው በኳስ አይደለም። ከሥሩ ያለው ነገር እኩል ስላልሆነ ነው። መቆሚያው በውሃ ልክ መለካት አለበት። ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም ይነጠፋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምትፈጥረውን ጫና ይውጣል።

ቢያንጠባጥብስ? ይሄ ለእኔ የመጨረሻው ሚዛን ሆነ። የመስታወት አኳሪየም በሲሊኮን የተያያዘ ነው። አሮጌው በምላጭ ተፍቆ አዲስ ይቀባል። አንድ ጎን ቢሰነጠቅ ያንን ጎን ብቻ አስቆርጬ አስለውጣለሁ። መጋላ ድረስ ነው መንገዱ፤ በባጃጅ እደርሳለሁ። አክሪሊክ ግን በማጣበቂያ ፈሳሽ ተቀልጦ አንድ አካል ሆኖ ነው የሚያያዘው። ሲሠራ ጠንካራ ነው፤ ሲሰነጠቅ ግን ያንን ፈሳሽና ያንን እጅ የት ላግኝ? "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ይባላል። ዕቃ ላይም እውነት ነው።

## ያዘዝነው

ባለ 8 ሚሊ ተራ መስታወት አዘዝን። ሲሊኮኑ ላይ ጋሼን አጥብቄ ያዝኳቸው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሻጋታ እንዳይዝ መድኃኒት የተጨመረበት ዓይነት ዓሣ ይገድላል። ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው፣ ምንም ያልተጨመረበት ነው የሚፈለገው። ያም ቢሆን ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ውሃ አይገባበትም።

ለእህቴ የነገርኳት ሌላ ነው። የሷ አክሪሊክ የሷ ይሁን። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የምትጠቀመው የለገዳዲን የግድብ ውሃ ነው፤ ከኛ ጋር ሲነጻጸር ኖራው ትንሽ ነው። ቤቷ ብርድ ስለሆነ ማሞቂያ ትጠቀማለች። ከሷ ጋር ብኖር እኔም አክሪሊክ እመርጥ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። ለአክሪሊኩ የራሱ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ይኑረው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ፣ ሌላ ነገር ያልነካ። ደረቅ ጨርቅ፣ ምላጭና ሳኒታይዘር አጠገቡ አይድረሱ።

ዓሣውን በተመለከተ ልጄ ጎልድፊሽ ነው የፈለገው። ጎልድፊሽ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ድሬ ለሱ ቅጣት ናት። ጉፒ ይሻላል። ኖራ ያለበት ውሃ ይስማማዋል፤ ሙቀትም ይችላል። እየለመድን ስንሄድ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ላይ ዓይኔን ጥያለሁ። እነሱ የመጡበት ሐይቅ ውሃ ራሱ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ሌላው ሰው የሚያማርርበት ውሃችን ለነሱ ይስማማቸዋል።

የቀረን ክርክር የመቆሚያው ቁመት ነበር። ባለቤቴ ልጁ እንዳይደርስበት ከፍ ይበል አለ። እኔ ደግሞ ልጁ እንዲያየው ነው የምፈልገው። ወንበር ላይ ወጥቶ የሚያየው ነገር ከሆነ አንድ ቀን ማየቱን ይተወዋል። በመጨረሻ ብየዳ ቤት ያዘዝነው መቆሚያ 70 ሴንቲ ነው። እግሩ ሰፊ፣ ከግድግዳው ጋር የሚታሰር። ልጄ ሲቆም ዓይኑ ልክ የውሃው መሀል ላይ ይውላል። ኳሱ በረንዳ ላይ እንዲሆን ተስማምተናል።